ለኬይሊ የተከለከለው ቃል

አንድ ልጅ ስንት አባት ቢኖረው ነው በዛበት የሚባለው?

አባ ኒካሲዮን ጠየቅኋቸው። በሰማይ አንድ፣ በምድር አንድ ብለውኝ ወደ ቀጣዩ ተናዛዥ ዞሩ። አበልጄን ሃሲንታን ጠየቅኋት፤ ያጎረሰው ሁሉ አባቱ ነው፣ ደግሞ ይኼ ምኑ ያሳስባል አለችኝ። እኔን ግን ያሳስበኛል። ዶሮ ስመግብ ያሳስበኛል፣ ልብስ ሳሰጣ ያሳስበኛል፣ ጸሎቴን ጀምሬ የት ላይ እንደደረስኩ ይጠፋኛል። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

በራሴ ከሄድን እኔ ሦስት ነበሩኝ። አንዱ የወለደኝ ነው፤ እሱን ያየሁት ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ነው። አንዱ አጎቴ ነው፤ ከራሱ የበቆሎ ቂጣ፣ ከቶርቲያው፣ ቆርሶ አሳደገኝ፣ ፓፓ እለው ነበር። አንዱ የክርስትና አባቴ ነው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ደብተርና እርሳስ የገዛልኝ እሱ ነው፣ እሱንም ፓፓ እለው ነበር። አንድ ቀን በእኔ ተጣልተው አያውቁም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው። አያቱ ያሳደገችው ልጅ አያቱን ማማ ይላል፣ የወለደችውን በስሟ ይጠራል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እናቶቹ ወደ ሰሜን እየሄዱ ልጆቹ እኛ አሮጊቶቹ እጅ ሲቀሩ ሌላ ምን ይበሉን?

ኤዴኒልሰንም ማማ ይለኛል። የልጄ የኤልባ ልጅ ነው። ጡት እንዳስጣለችው እኔ ላይ ጥላው ሄደች፤ አራት ዓመት ሲሞላው ሰው ልካ ወደ ሂውስተን አስወሰደችው። ያን ቀን ቀሚሴን ጨብጦ አልለቅም ብሎ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው በስልክ ነው። መጀመሪያ ማማ ይለኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሃሎ ብቻ ማለት ጀመረ። ልጅ ነው፣ ረስቶ ነው ብዬ ተውኩት።

ኤልባ እዚያው ታማ ሞተች። ቀብሯን ያየሁት በስልክ መስታወት ውስጥ ነው፤ አፈሩ ሲመለስባት ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጇን መኖሪያ ወረቀት የለህም ብለው በአውሮፕላን ጭነው መለሱልኝ። በአራት ዓመቱ የሸኘሁት ልጅ ጢም አብቅሎ፣ ትከሻው በሩን ሞልቶ ገባ። ማማ አለኝ። የቀረው ሁሉ ተረሳኝ።

ደስታዬ ግን ብቻውን አልመጣም። ግራ ክንዱ ላይ ከክርኑ እስከ አንጓው ንቅሳት አለበት፤ አበባ የከበበው የሴት ልጁ ስም ነው፣ ኬይሊ። ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ሳየው ያምራል። መንገድ ዳር ለሚቆሙት ወታደሮች ግን የተነቀሰ ሁሉ የወሮበላ ቡድን አባል ነው፣ ይዘው ያስሩታል፤ የማን ስም እንደሆነ ቆመው የሚያነቡ አይመስለኝም። ስለዚህ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ገዛሁለት። ሙቀቱ ዶሮዋን ክንፏን ዘርግታ በሚያስተኛበት ሰዓት እንኳ ያለሱ ከበር አላስወጣውም። «ማማ፣ ተቀቀልኩ እኮ» ይለኛል። ተቀቀል፣ ብቻ በእግርህ ተመለስልኝ እለዋለሁ።

ሌላው ጣጣ አፉ ነበር። የእኛን ቋንቋ ትቶት እንደሄደ፣ እንደ አራት ዓመት ልጅ ነው የሚናገረው። እዚያ ያደገበት እንግሊዝኛ ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም ያለው አንድ አንተ ብቻ ነው። ዶን ሚንጎን፣ የሰፈራችንን ሽማግሌ፣ «አንተ፣ እንዴት አደርክ?» አለው። ዶን ሚንጎ ባርኔጣውን አውልቆ ግራ ቀኝ ተገላመጠና «ለማን ነው? ለአህያዬ ነው?» አለ። ሰፈሩ ይህን እያነሳ ስንት ቀን ሳቀ።

በኋላ ያስወደደው ግን ያው እንግሊዝኛው ነው። በእኛ መንደር ከልጅ ልጁ ጋር መነጋገር የሚችል አያት የለም። ልጆቹ እዚያ ይወለዳሉ፣ የእኛን ቋንቋ አይማሩም። እሑድ እሑድ ስልኩ ሲከፈት እኛ እዚህ ጥርሳችንን እናሳያለን፣ እነሱ እዚያ ጥርሳቸውን ያሳያሉ፣ ከዚያ ይዘጋል። አንድ ቀን አበልጄ ሃሲንታ በቅርጫት እንቁላል ይዛ መጣችና ኤዴኒልሰንን «አስተማሪ» አለችው። እሱ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞሮ አየ። በማግስቱ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ግቢዬ ከማንጎው ጥላ ስር በአሮጊትና በሽማግሌ ሞላ፤ ሁሉም የራሱን ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ኤዴኒልሰን አንድ የተነቀለ አሮጌ በር ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጠመኔ ይጽፍበታል። እኔ ከኩሽናው መስኮት አየዋለሁ። ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ቀለማትን አስተማራቸው፣ ቀጥሎ ቁጥርን፣ ቀጥሎ የአየር ጠባይን። ቤተሰብን ዘለለው። ነገ እያለ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ገፋቸው። በመጨረሻ ሃሲንታ ከወንበሯ ተነሳች።

«አስተማሪ፣ ቢጫና አረንጓዴ አወቅን። ዝናብም አወቅን። ለልጅ ልጄ ደውዬ ታዲያ ምን ልበለው? ቢጫ ነህ ልበለው?»

እሱም ሳቀ፣ አማራጭም አጣ፣ ጻፈላቸው። ማዘር። ፋዘር። ሲስተር። ብራዘር። የፊት ጥርስ የሌለው ሁሉ «ዘ»ዋን ለማውጣት ሲታገል በምራቅ ተራጨን። አማት ላይ ሲደርስ እንግሊዞቹ እናት ካሉ በኋላ ኋላዋ ላይ «በሕግ» ብለው እንደሚጨምሩ ነገራቸው። ዶን ሚንጎ ልክ ናቸው፣ በፈቃዱማ ማን ይወስዳታል አለ። በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኘውን ወንድም ደግሞ ግማሽ ወንድም ይሉታል ሲል ሃሲንታ ተቆጣች፤ ልጆቿ ከሁለት ባል ናቸውና። ወንድሙ ያልሆነው ከወገቡ በላይ ነው ወይስ ከወገቡ በታች ብላ ጠየቀችው።

አበልጅንስ ምን ይሉታል አለችው ቀጥላ። ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ቃል የላቸውም አለ። ልጁን ክርስትና ያነሳችውን የክርስትና እናት ይሏታል፤ እሷና የልጁ ወላጅ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል ግን የለም፤ በስማቸው ነው የሚጠራሩት። ሃሲንታ ወደ መስኮቴ ዞራ አየችኝና «ምስኪኖች» አለች። ከልቧ ነው ያዘነችላቸው።

ትምህርቱን የበተነው ዶን ሚንጎ ነው። እናቱን አግብቶ ልጁን የሚያሳድገውን ሰው ምን ይሉታል ብሎ ጠየቀ። ኤዴኒልሰን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ስቴፕ ፋዘር ብሎ ጻፈ፤ ጠመኔው እጁ ውስጥ ተሰበረ። ይህ ሰው አባት አይደለም፣ በስሙ ነው የሚጠራው አለ። ዶን ሚንጎ ዓይኑን አጥብቦ አየና ፋዘር የሚለው ተጽፎ የለም ወይ ብሎ ተከራከረ። ኤዴኒልሰን ለዛሬ በቃን አለ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኬይሊን የወለደችለት ሼልቢ የምትባል ልጅ ናት። እሱ ሲባረር እሷና ልጅቷ እዚያ ቀሩ፤ ብዙም ሳትቆይ ትራቪስ ከሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ጋር መኖር ጀመረች። አልፈርድባትም፤ ብቻዋን የቤት ኪራይና ልጅ ይዛ ምን ታድርግ። ትራቪስ ልጅቷን ወደዳት። እንደ ልጁ ሊያስመዘግባት፣ ስሙን ሊያወርሳት ፈለገ፤ ለዚህ የኤዴኒልሰን ፈቃድ ያስፈልጋል። ኤዴኒልሰን እምቢ አለ። በእምቢታ ብቻም አልቆመም፤ ልጅቷ ትራቪስን አባት ብላ እንዳትጠራው ሼልቢን ቃል አስገባት። እሑድ ሲደወል መጀመሪያ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ያን ሰው ማን ትይዋለሽ? ትራቪስ ትላለች። እኔንስ? ዳድ ትላለች። ይህን ሲሰማ ትከሻው ዝቅ ይላል፤ ስለ ትምህርት ቤቷና ስለ ድመቷ የሚጠይቃት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ስልኩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዳድ እስካለችኝ ድረስ እዚህ መቀመጥ እችላለሁ አለኝ። ያ ቃል ለሌላ ሰው የተሰጠ ቀን ግን በበረሃም ቢሆን፣ በእግሬም ቢሆን ተመልሼ እሄዳለሁ።

የዶን ሚንጎ ልጅ በዚያ በረሃ ሄዶ ነው የቀረው። መቃብር እንኳ የለውም፤ ዶን ሚንጎ ለሙታን ቀን አበባውን የሚያስቀምጠው የልጁ አልጋ ላይ ነው።

ቢሆንም፣ እውነቱን ልናገር፣ ኤዴኒልሰን በዚህ ነገር ጨካኝ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሕፃን በሰው ቤት ትኖራለች፣ የሰው እጅ ያጎርሳታል፣ ሲያማት አጠገቧ የሚያድረው እሱ ነው፣ አባት እንዳትለው ግን ተከልክላለች። እኛ ዘንድ ይህን ያደረገ ሰው ውለታ ቢስ ይባላል። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። እኔ ሁሉን እፈራለሁ፤ ሟች ባሌ አንቺ ደመና የሌለበት ቀን ደመናው የት ሄደ ብለሽ ትጨነቂያለሽ ይለኝ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ደስ የሚል ነገር መጣ። ሳን ሚጌል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የስልክ ጥሪ ማዕከል እንግሊዝኛውን ሰምቶ ቀጠረው፤ ሰኞ ሊጀምር ነው። ሥራ ከያዘ አይሄድም ብዬ ሻማ አበራሁ። እሑድ ጠዋት ጸጉሩን ሊቆረጥ ወጣ፤ ሸሚዙን እኔው ተኩሼ አለበስኩት። ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ሄደ፤ ሼልቢ የምትደውለው ከቀትር በኋላ ነውና ጊዜ ነበረው። ዳሩ እዚያ በየጸደዩ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ እኛ አንነካውም። ስለዚህ ጥሪው በእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ይህን እሱም ዘነጋው።

ከቅዳሴ የተመለሱት ተማሪዎቹ ግቢዬ ተቀምጠው ነበር። ስልኩ ጮኸ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ከፈትኩት። ኬይሊ ናት፤ ገላዋን ታጥባ ጸጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል። ከኋላዋ አንድ ቀይ ፂም ያለው ግዙፍ ሰው ተንበርክኮ ያበጥርላታል። ትራቪስን ፊት ለፊት ያየሁት ያኔ ነው። እጁ የቧንቧ መፍቻ የለመደ እጅ ነው፣ ጣቱ እንደ በቆሎ እሸት የወፈረ፤ ጸጉሯን ግን ከስሩ በአንድ እጁ ይዞ፣ እንዳያማት፣ ከጫፉ እየጀመረ ነው የሚፈታው። እኔ ሦስት አባት ነበረኝ፤ ጸጉሬን ያበጠረልኝ አንድም የለም።

ሴቶቹ ወንበራቸውን ትተው ስልኩን ከበቡት። ያወቁትን ሁሉ አወጡት። አንዷ እህት ነኝ አለች፣ አንዷ ቢጫ አለች። ዶን ሚንጎ ባርኔጣውን አውልቆ ዛሬ ዝናብ ነው አለ፤ ሰማዩ ጠራራ ነበር። ልጅቷ ከሳቋ የተነሳ መቀመጥ አቃታት። እኔም ተራዬ ሲደርስ የአባትሽ እናት እናት ነኝ አልኳት፤ ማዘር ሁለት ጊዜ፣ ፋዘር አንድ ጊዜ። ልጅቷ በጣቷ ቆጠረችና ገባት። እጇን አውለበለበችልኝ።

ከዚያ ሰውየውን አየሁት። ማበጠሪያውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ማንም ሰላም አላለውም። የገዛ ደምህን የሚያሳድግ ሰው ፊትህ ተንበርክኮ እያየኸው ስም ሳትሰጠው ዝም ትለዋለህ? እኔ አላደግሁበትም።

«ዩ ፋዘር» አልኩት። «ታንክ ዩ፣ ፋዘር።»

ማበጠሪያው ቆመ። ሼልቢ ከጎን መጥታ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ረጅም ነው፣ ከሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ያዝኩ፣ ዳድ የምትለዋን። በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውየው እየጠቆመች ነው። ምን እንደምትጠይቀኝ አወቅሁ። ሕፃን ናት፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ታላቋን ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህን ፈቃድ የሚሰጡት አሮጊቶች ናቸው፤ ከጥንትም የሰጡት እነሱ ናቸው።

«ዬስ» አልኳት።

ዞር ብላ ጠራችው። ሲያደናቅፋት አላየሁም። ቃሉ ከአፏ የወጣው ብዙ ጊዜ ለብቻው እንደተለማመደችው ሆኖ ነው። ትራቪስ ፊቱን እርጥብ ጸጉሯ ውስጥ ደበቀ። ከኋላዬ አሮጊቶቹ አጨበጨቡ፤ ሃሲንታ አፍንጫዋን ጠረገች። ያን ጊዜ አንዳች መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አሁንም ክፉ ነው ብሎ ያሳመነኝ የለም።

ኤዴኒልሰን ሽቶ ሽቶ እየሸተተ፣ ጣፋጭ ዳቦ ይዞ ገባ። ገና ከበሩ ሁሉም በአንድ ላይ ተንጫጩበት። ሃሲንታ ሁሉንም ዝም አሰኝታ፣ አስተማሪ፣ ፈተናውን አለፍን፣ ከልጅህ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገርን አለችው። ፊቱ በራ። ቀጥላ ደግሞ፣ አበልጄ ያንን ሰው ፋዘር ብላ ባረከችው፣ ልጅቷም አባቴ አለችው፣ እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታይ አለች። ዳቦውን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠ።

ስልኩን አንስቶ እዚያው ግቢው መሐል ቆሞ ደወለ። እንደ ሁልጊዜው ጠየቃት። ለዚያች መልስ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ነበር። ደስ ብሏት ነው የነገረችው፤ የእኔንም ስም ጠራች። ከዚያ ሼልቢ ተቀብላ ረጅም ጊዜ አወራች። እሱ እየሰማ የማንጎውን ግንድ በጥፍሩ ይልጣል። ሲዘጋ ተማሪዎቹ ተነሱ። አንድ በአንድ ወንበራቸውን ተሸክመው ሄዱ፤ ዶን ሚንጎ በሩ ጋ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

ኤዴኒልሰን ኩሽና ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ምን አጠፋሁ? ጸጉሯን ሲያበጥር አየሁት፣ አመሰገንኩት።»

«አመስግኚው። አባት ብለሽ ነው የምታመሰግኚው?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ቧንቧ ሠራተኛው ልበለው? አባት እንደ ቶርቲያ ነው እንዴ፣ አንዱ ሲበላው ለሌላው የሚያልቀው? አንተን አባቷ አይደለህም ያለህ የለም።»

«እዚያ ያልቃል፣ ማማ። እዚያ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሼልቢ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? ቤተሰቦችህ ተስማምተዋል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፣ በል ፈርም ነው ያለችኝ።»

«እኔ ምን ተስማማሁ? የፈረምኩት ነገር አለ?»

«በእሱ ቋንቋ ተናገርሽ። በእኔ ቃል። እኔው አስተምሬሽ።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረብኝ። ላጽናናው ፈለግሁ፤ ለአንዴ ሳልፈራ ተናገርኩ፣ ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር። ራስህን እይ አልኩት። እናትህ በሕይወት እያለች አንተ እኔን ማማ ትለኝ አልነበረም ወይ? ኤልባ አንድ ቀን ቅር ብሏት ያውቃል? ከእሷ ምን ጎደለባት?

አላየኝም። የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ አሻሸ።

«ቅር ይላት ነበር» አለ። «በስልክ ማማ ስልሽ እሷ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍተው ነበር፣ ስታለቅስ እንዳልሰማት። እሰማት ነበር። በኋላ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ለመነችኝ፤ እኔ ነኝ እናትህ፣ እሷን ማማ አትበላት አለችኝ። ኬይሊን ነበር የማክለው።»

«ውሸትህን ነው። ነግራኝ አታውቅም።»

«እንዴት ብላ ትነግርሻለች? ያሳደግሽላት አንቺ ነሽ። ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባሽም ትለኝ ነበር።»

እሑድ እሑድ ኤልባ ስትደውል ድምፅዋ ታፍኖ ስሰማ ጉንፋን ይዟት ነው እያልኩ ማር በሎሚ ጠጪ እላት ነበር። እሺ ትለኝ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ? እሷ እዚያ አፈር ውስጥ ናት። እሷ ራሷ እህቴን ማማ እያለች ነው ያደገችው፣ እኔ ከፍቶኝ አያውቅም። ከፍቶኝ አያውቅም እላለሁ። ካልዋሸሁ በቀር አልከፋኝም።

ሰኞ ሥራ አልሄደም። ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ዋለ። ተማሪዎቹ መጡ፣ ማንጎው ስር ተቀመጡ፣ ቃላቱን እርስ በርሳቸው ተባባሉ፤ እሱ ክፍሉን ዘግቶ ከአንድ ሰው ጋር ቀስ ብሎ በስልክ ያወራል። ቁርጥራጭ ቃል ብቻ ይሰማኛል፤ ቴኩን ኡማን፣ ወንዝ፣ ሐሙስ። ቴኩን ኡማን የጓቲማላ ጠረፍ ከተማ ነው፤ እዚህ ስሙ የሚጠራው ሰው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሊሄድ ሲል ነው።

ዶን ሚንጎን ለመንኩት። እኔ አፌ ተይዟል፣ አንተ ንገረው አልኩት። ገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ስለ ልጁ ነገረው፤ ለእኛ ተናግሮት የማያውቀውን ሁሉ፣ የመጨረሻውን የስልክ ጥሪ፣ ውሃ አልቆብኛል ያለበትን። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን አለህ አልኩት። ሰማሁዎት፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ አለኝ አለ። እርስዎ ነው ያለኝ፣ አክብሮ ነው ያናገረኝ አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። አክብሮቱ ደስ አላለኝም። ሊሄድ የቆረጠ ሰው እንዲያ ይሆናል።

ረቡዕ ማታ ፓስፖርት የሌለው ሰው ምን ሊይዝ ይችላል እያልኩ ቦርሳውን በሩቁ አየሁት፤ ልከፍተው አልደፈርኩም። ልደብቀው አስቤ ነበር። ልብሱን ውሃ ውስጥ ልከተው፣ እርጥብ ልብስ ይዞ አይሄድም ብዬም አስቤ ነበር። አንዱንም አላደረግሁት። ጣቶቹን ከቀሚሴ ላይ ያላቀቅሁባት እጄ ድጋሚ እሱን ለመያዝ ምን መብት አላት ይለኛል፤ ደግሞ እናት ነኝ፣ መብት ምንድነው ይለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ባቄላና የተጠበሰ ሙዝ አቀረብኩለት። ሁሉንም በላ፤ ሳህኑን ጠርጎ አጠበው፣ ቦታው መለሰው። እኔ ዝም ማለት ፈርቼ ያለማቋረጥ አወራሁ። ቆርቆሮው ዝናብ ሳይመጣ መመታት አለበት አልኩ። ሁለቱ ዶሮዎች እንቁላል አቆሙ አልኩ። ለሼልቢ እኔው ደውዬ አባቷ አንድ ነው እላታለሁ፣ ቃሉን አስተምረኝ፣ ጻፍልኝና አንብቤ እነግራታለሁ አልኩት። ይህን ስል ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳውን አነሳ። ወንበሬ ኋላ ሲቆም ትንፋሹ አናቴ ላይ ተሰማኝ። ልዞር ፈለግሁ፤ ከዞርኩ የሚሄድ፣ ካልዞርኩ የሚቀር መሰለኝና ጠረጴዛውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሃሲንታ የተበደረችውን ድስት ልትመልስ በዚያ ሰዓት ከበሩ ደረሰች። አስተማሪ፣ ዛሬስ ትምህርት አለ ወይ አለችው፣ ጥግ ይዛ መንገድ እየለቀቀችለት። እሱ እሷንም አላየም፣ ወደ እኔም አልዞረም፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በሩን አልፎ ወጣ።